እስከ ሰባት ቤት

ባለፈው ሳምንት ያቆምኩላችሁ እኔና እሱ የምንጠፋበትን ቀን የቆረጥን ዕለት ላይ ነው። ያኔ ያልነበራችሁ ካላችሁ አትጨነቁ፤ ታሪኩ አጭር ነው፣ ረጅሙ ለቅሶው ነው። ስሜ ምንዳዬ ዳኛው ይባላል። የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ጎንደር አራዳ ጥልፍ ቤት እሠራለሁ። ሃያ ዓመቴ ነው። የምወደው ልጅ ደግሞ ሰው አይደለም።

አሁን ያማተባችሁ አላችሁ። አማትቡ፣ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ሳየው አማትቤ ነበር።

ወራጆች ከመጡ ሦስት ዓመት ሆነ። ስሙን ያወጣላቸው አንድ የአራዳ ታክሲ ረዳት ነው። መርከባቸው ከደመና ሥር ብቅ ብላ ወደ ኮሶዬ ገደል ስታዘቀዝቅ፣ ሰው ሁሉ አንጋጦ አፉን ከፍቶ ሲያይ፣ ረዳቱ ከታክሲው በር ላይ ሆኖ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። አራዳ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅንም። በዓመቱ ምንጩን ያዙት፣ መብራቱን ያዙት፣ ስልኩን ማዳመጥ ጀመሩ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ መውጣት ቀረ። ቀጥሎ ወጣት ወጣቱን እየመረጡ «ለሥራ» ብለው ወደ ላይ ወሰዱ። ታላቅ ወንድሜን ኃይለ ጊዮርጊስን የወሰዱት ያኔ ነው። ከተወሰዱት ውስጥ የተመለሱም አሉ፤ ግን ታጥበው ነው የተመለሱት። ትዝታቸውን ነው የሚያጥቡባቸው። የጎረቤታችን ልጅ ተመልሶ እናቱን ደጅ ላይ ሲያገኛት «እንደምን ዋሉ እመቤቴ» ብሏት አለፈ። ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ታጥቦም አልመጣልንም።

በኋላ ካህናቱና ሽማግሎቹ ቁስቋም ላይ ከወራጆቹ ጋር ተቀምጠው ተከራክረው ተከራክረው አንዲት ቃል አስገቧቸው። ልጅ ከአባቱ ቤት አይወሰድም። ወራጆች አባት የሚባል ነገር አያውቁም፤ መርከባቸው ውስጥ ከምድጃ እንደሚወጣ ዳቦ ተራ በተራ ነው የሚወጡት። ቃል ግን ያከብራሉ። ክፉ ናቸው እንጂ ውሸታም አይደሉም። በምትኩ እነሱም የራሳቸውን ቃል አስገቡ፤ ሰውና ወራጅ አይዋደዱም፣ አይጋቡም። የተገኙ እንደሆነ ወራጁ ይታጠባል፣ የልጅቱ ሰፈር በሙሉ ከቦታው ይነሣል።

አወቀ ወደ እኛ ቀዬ የመጣው አፈር ሊለካ ነው። ቁመቱ ከአባቴ በክንድ ይበልጣል፤ ቆዳው የክረምት ደመና ነው፤ ሽፋሽፍት የለውም፣ ጣቱም በየእጁ ሦስት ሦስት ነው። ደስ ያለው እንደሆነ አንገቱ ሥር፣ ከቆዳው በታች፣ ብርሃን ይመጣል። ሲከፋው ይጠፋል። መደበቅ ብሎ ነገር የለም! አፈሩን ለክቶ ሲያበቃ ጥያቄ ይጀምራል። ላም ለምን ታመሰኳለች? ላስነጠሰ ሰው ለምን ይማርህ ይባላል? እናቴ እናኑ ምንም የማያውቅ መሆኑን አይታ፣ ስቃ ስታበቃ፣ «አወቀ» ብላ ስም አወጣችለት። አባቴ አያ ዳኛው ደግሞ «ሸጋ ልጅ ነው፣ ሥራ አይጠላም» እያለ ድንች ያስለቅመው ጀመር። በእኔና በእሱ መካከል ያለውን ግን አባቴም አያውቅ፣ እናቴም አታውቅ። ስልክ ስለሚደመጥ ወደ አራዳ የሚልክልኝ ደብዳቤ በድንች ጆንያ ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚመጣው። ጽሕፈቱ አይነበብም። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝና ማንን ልውቀስ?

የቆረጥነው ቀን እሑድ ንጋት ነበር። አብራኝ የምትጠልፈው ጓደኛዬ ነጃት አጎት አላት፤ ሰሊጥ ሊጭን ወደ መተማ ይወርዳል። ወራጆች የቆላ ሙቀት አይችሉም፤ እዚያ አይደርሱም። «አንተስ ትችለዋለህ ወይ?» ብዬ ጽፌለት ነበር። «እየሞቀኝ እኖራለሁ» ብሎ መለሰልኝ። ያችን ደብዳቤ ስንቴ እንደሳምኳት አልነግራችሁም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ምንዳዬ፣ ቅዳሜ እንዳትቀሪ።»

«ምነው እማዬ? ሰው ሞተ?»

«ምን ሞት ታወሪያለሽ፣ ደስታ ነው! በስልክ አይወራም። ብቻ ያ ልጅ የለም… ያ ጥያቄ የሚያበዛው… ሽማግሌ ይዞ መጥቶ አባትሽ እግር ላይ ወደቀ።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባትሽ እሺ አለ። እያለቀሰ ነው እሺ ያለ! ማሩ ተገዝቷል፣ በጉ ታስሯል፣ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ራሳቸው ይመጣሉ። አንቺም ደስ ይልሻል። በይ ቻው።»

ሽማግሌ ልኮ! አባቴ እሺ ብሎ! እኔ እንደ ሌባ ልጠፋ ስዘጋጅ እሱ በወግ በማዕረግ ሊያደርገው ኖሯል! ነጃትን አንገቷን አቅፌ ሳምኳት፤ ክሯ ተበተነ።

«ቆይ እንጂ» አለችኝ ሁሉን ከነገርኳት በኋላ። «ሕጉስ?»

«በድብቅ ይሆናላ።»

«በበግና በመሪጌታ? ምን ዓይነት ድብቅ ነው እሱ?»

«እስቲ አታሟርቺ!»

«አላሟረትኩም። እናትሽ ጋብቻ የምትል ቃል ከአፏ ወጣ? አልወጣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ እህቴ።»

አልሰማኋትም። ደስ ያለው ሰው ጆሮ የለውም። ለሱ ብዬ የጀመርኩት ኩታ ነበር፤ ጠርዙን በሰማያዊ ክር እየጠለፍኩት ነበርና ዓርብ ቀኑን ሙሉ እሱን ስጨርስ ዋልኩ። ሙሽራ ኩታ ሳይደርብ እንዴት ይወጣል! ነጃት ከጎኔ ተቀምጣ ግማሹን ጠለፈችልኝ። ስንለያይ ግንባሬን ሳመችኝ፤ አጎቷ እሑድ ንጋት ላይ ከኮሶዬ መታጠፊያ እንደሚጠብቀን ደግማ ነገረችኝ። «ቢሆንም ባይሆንም እሱ አይቀርም» አለችኝ። በዚያች ሰዓት እንዳዘነችልኝ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ወለቃ ኬላ ላይ ብዙ ቆመ። ወራጆቹ የእያንዳንዱን ሰው ፊት በመብራት እያዩ ነበር። ሌላ ጊዜ አንገቴን እደፋለሁ፤ ያን ቀን ግን መብራቱ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ፈገግ እንዳልኩ ነበርኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ባልቴት «ምነው ልጄ፣ ሠርግ ነው?» አለችኝ። «እግዜር ካለ» አልኳት። ወደ ደጋው ስንወጣ ጭጋጉ ተቀበለን፤ ብርዱ ጉንጬን ሲነካኝ እንኳ የሚስመኝ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ቂል ነበርኩ።

ደጃችን ላይ ዳስ ተጥሏል። የሰው ድምፅ ይሰማል። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ፤ ሽማግሎቹን ገፍቼ ገባሁ።

አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አወቀ ፊቱ ተንበርክኳል። የአባቴ አውራ ጣት ማር ተቀብቶ አወቀ አፍ ውስጥ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይኼ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ካልወለዱት ሰው ጋር ልጅና አባት የሚኮነው እንዲህ ነው፤ ማር የተቀባ ጣት በምስክር ፊት ይጠባል፣ መሐላው ይማላል፣ ከዚያ በኋላ የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ያወርሳል፣ ይወርሳል፣ ይቀብራል። ያ ሁሉ ሽማግሌ የመጣው እኔን ሊጠይቅ አልነበረም።

መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ቅስናም አላቸውና፣ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ክርስትናውን ሊቃውንቱ ይመርምሩት፤ ልጅነቱን ግን እኔ መስክሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለዳኛው ልጅ፣ ለእናኑ ልጅ፣ ለምንዳዬ ወንድም ነህ። ደምህ ደማቸው ነው። እስከ ሰባት ቤት ዘርህ ከዘራቸው አይጋባም። ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን።»

«አሜን!» አለ ዳሱ። እናቴ እልልታውን አቀለጠችው።

አወቀ ቀና ሲል አየኝ። አንገቱ እንዲያ ሲበራ አይቼው አላውቅም፤ ከአባቴ ነጭ ጋቢ ላይ ብርሃኑ ይታይ ነበር። አባቴ እንባውን በማሩ እጁ እየጠረገ «ነይ ልጄ! እግዜር ኃይለ ጊዮርጊስን በልጅ ካሰልን» አለኝ። እናቴ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርዳ ከፈተችና ኩታውን አየችው። «ለወንድምሽ ነው? ሸጋ! እኔ ሳልነግርሽ እንዴት ገባሽ?» ብላ አወጣችው፤ ትከሻው ላይም ደረበችለት። ልክ ሆነለት።

እንግዲህ ምን ልበል? ሰው እያየኝ ነው። እጄን ዘርግቼ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት፤ ጥርሴ ስቆ ሆዴ ሲታረድ ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነው።

ዞር ያለ ቦታ ያገኘነው ድንች ማስቀመጫው ጓሮ ነበር። እሱ ተከትሎኝ መጣ፤ ገና እያበራ ነው።

«ምንዳዬ፣ ረቡዕ ጥሪ መጣልኝ» አለ። «ከሰው ጋር ብዙ ቆይተሃል፣ ትታጠባለህ አሉኝ። የሚወስዱኝ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ እሑድን አንደርስም ነበር። ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፣ ድንች የሚጭነው መኪና ቀረ። ከዚያ አሰብኩ። ልጅ ከአባቱ ቤት አይወሰድም! ያንቺ አባት የኔም አባት ከሆነ፣ አንድ ገበታ ከበላን፣ እኔና አንቺን ማን ይለየናል?»

ሳቅ መጣብኝ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። «ማን ይለየናል? አንተ ነሃ የለየኸን! ወንድሜ ሆንክ እኮ አወቀ! ወንድም እህቱን አያገባም!»

«ለምን?»

«ይኼ ለምን የለውም!»

«የወለደን አንድ አይደለም።»

«ማሩን ስትጠባ አንድ ሆነ። መሪጌታ ሲያወግዙ አልሰማህም? ያን ሁሉ ስትጠይቅ ኖረህ ይችን አንዷን መጠየቅ አቃተህ?»

ብርሃኑ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደና ጠፋ። ሌላ ሰው ሆነብኝ። ሦስት ጣቶቹን ወደ ከንፈሩ አነሣ።

«ልትፋው» አለኝ። «አሁን ነው የዋጥኩት። ማሩን ልትፋው።»

«ማር ቢተፋ መሐላ አይተፋም።»

«አባትሽ እንደምወድሽ ቢያውቅ ኖሮ አያጠባኝም ነበር። ምነው ሳትነግሪው ቀረሽ?»

«ነግሬው ሰፈሩ ይነሣ? አንተስ የአባቴን እግር ከመያዝህ በፊት እኔን ጠብቀኸኝ ቢሆን!»

«ብጠብቅሽ ታጥቤ ነበር የምትደርሺው!»

ተጯጯህን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ይዤው የማውቀውን እጅ፣ ቀዝቃዛውን፣ ልይዘው ብዬ መንገድ ላይ መለስኩት። እህት የወንድሟን እጅ መያዝ ነውር አይደለም። የኔ ግን እንደ እህት አልነበረም፣ አውቀዋለሁ። ከገደሉ በኩል የመርከባቸው ጩኸት ሲመጣ እንኳ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነበር፤ እንዳየሁት ልሙት አልኩ በልቤ።

ሦስት ሆነው መጡ። አለቃቸው አማርኛ የተማረው ከሬዲዮ ነው መሰል፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ነው የሚናገረው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ብድግ አለ። አባቴ ብቻ ሳይነሣ፣ እጁን አወቀ ትከሻ ላይ ጭኖ ጠበቃቸው።

«ልጄ ነው» አለ። «ከአባቱ ቤት አይወሰድም። ቃላችሁ ነው።»

አለቃው አወቀን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ የማሩን ዕቃ አየ። «በስምምነቱ መሠረት» አለ፣ «የቤቱ አባላት በሙሉ በየግላቸው ቃላቸውን ይሰጣሉ። ከአባላቱ አንዱ ልጅነቱን ካላረጋገጠ የተጠራው ዛሬውኑ ይወሰዳል።»

አባቴ መስቀሉን ያዘ። «ልጄ ነው።»

እናቴ ያዘች። «ልጄ ነው! አንዱን ወሰዳችሁብኝ፣ ይኼንን አልሰጥም!»

መስቀሉ ወደ እኔ መጣ። የቤቱ ሰው ሌላ የለም።

አለቃው ዓይኑን ተከለብኝ። «ይህ ግለሰብ ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

አወቀ ከአባቴ ጎን ቆሞ ያየኛል። ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ እኔ ግን የሱን ከንፈር ማንበብ ከለመድኩ ቆየሁ።

«አትበይ» አለኝ። «ልታጠብ። ወንድምሽ ሆኜ ከማይሽ ብረሳሽ ይሻለኛል።»

አያችሁት ወይ? አትበይ አለኝ! ዝም ብል ይበቃ ነበር። እሱ ይወሰዳል፣ ይታጠባል፣ እኔን የሚያህል ሸክም ከራሱ ይወርድለታል። እኔስ? እሱ ይረሳል፣ እኔን ማን ያጥበኛል? አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንደምን ዋሉ እመቤቴ» ብሎ ሲያልፈኝ ታየኝ።

«ምንዳዬ?» አለ አባቴ። ዝምታዬ በዝቶበት ዞሮ አየኝ። ከእኔ ወደ አወቀ አየ፣ ከአወቀ ወደ ኩታው፣ ወደ ሰማያዊው ጥልፍ። ወዲያው ገባው። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው አየሁት። በአንድ ቅጽበት ሽማግሌ ሆነ። «ምነው» አለኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

እናቴ ምንም አላየች። የአወቀን የኩታ ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ኃይለ ጊዮርጊስን ሲወስዱት ዳቦ ልታመጣለት ጓዳ ገብታ ነበር፤ ስትወጣ የለም። ያን ቀን ያልያዘችውን ልብስ ነው ዛሬ የያዘችው። ከዚያ እጅ ላይ እንዴት አድርጌ ነው የማላቅቀው?

መስቀሉን ያዝኩ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «ያባቴ ልጅ፣ የናቴ ልጅ ነው።»

«ተመዝግቧል» አለ አለቃው። «መልካም ቀን ይሁንላችሁ።» እንደመጡ ሄዱ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ፣ ጠጅ ተቀዳ፣ አንዱ ሽማግሌ «ይቺ ናት የዳኛው ልጅ!» እያለ ትከሻዬን መታኝ። አወቀ የቆመበት አልተነቃነቀም። እኔን አያይም። ድኖ እንዲህ ያዘነ ፍጡር አይቼ አላውቅም፤ ያዳንኩት እኔ ነኝና ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ።

እንግዶቹ መበተን ሲጀምሩ አባቴ ከበረቱ ኋላ አገኘኝ። ጋቢውን ተከናንቧል።

«ላፍርሰው?» አለኝ። «መሪጌታ እግር ላይ ልውደቅ? ውግዘቱም በኔ ይሁን። በዚህ ዕድሜዬ ምን ቀረኝ!»

«ብታፈርሰው ነገ ይወስዱታል፣ አባዬ።»

«እኔ እኮ መልካም የሠራሁ መስሎኝ…»

«ሠርተሃል። ደግ ነው የሠራኸው።» ብዬ ጉልበቱን ሳምኩት። ያን ጊዜ የሚያለቅሰው እሱ ሆነ፤ አባቴ በኃይለ ጊዮርጊስ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ጀርባውን እያሻሸሁ አባበልኩት። እኔን የሚያባብል ግን አልነበረም።

ለነጃት ደወልኩላት። ስልክ ይደመጣልና «አጎትሽን አይጠብቅ በይው፣ ወንድም ወጣልኝ» ብቻ አልኳት። «ወይኔ እህቴን» አለች።

ሰዓት እላፊው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አወቀን ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጭጋጉ ከታች እየወጣ ነበር። በእህት ልክ፣ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አሁን ምን ይደረጋል?» አለኝ። «ወንድም የሚሠራው ምንድን ነው?»

«ስታመም ይጠይቀኛል። የነካኝን ይጣላል።»

«ሌላስ?»

«ባል ሲመጣልኝ… ከአባቴ ጎን ቆሞ መርቆ ይሸኘኛል።»

ይችን ማለት አልነበረብኝም። ግን አልኳት፤ ክፋት መጣብኝ፣ ልቤ ብቻውን እንዳይደማ። እሱም ጎንበስ አለ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ሌላ ነገር ነው።

«መሪጌታ እስከ ሰባት ቤት ነው ያሉት።»

«እህ።»

«ሰባት ቤት ምን ያህል ነው?»

«ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ… እያልክ እስከ ሰባት።»

«በዓመት?»

«እኔ እንጃ። ሁለት መቶ ዓመት ይሆናል።»

ራሱን ቀና አደረገ። አሰበ፣ በሦስት ጣቱ ቆጠረ። «ከሰባት ቤት በኋላ ይፈቀዳል ማለት ነው?»

«ለዘራችን ይፈቀዳል።»

«ታዲያ እኮ ሩቅ አይደለም!» አለ። ድምፁ ውስጥ ነፍስ ገባ። «የኛ ሰው አምስት መቶ ዓመት ይኖራል፤ እኔ ገና ልጅ ነኝ። ሁለት መቶ ዓመት ወንድምሽ እሆናለሁ። ቃል ነው፣ አንዲት ቀን አላፈርስም። ከዚያ እንደገና ሽማግሌ እልካለሁ። ትጠብቂኛለሽ?»

ዞሬ አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን ያን ሁሉ ሲጠይቀኝ፣ የላሟን፣ የማስነጠሱን፣ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሲሞት ያየው በበሽታና በራሱ ወገኖች እጅ ነው፤ ያለዚያ የማንሞት መስሎታል። ቆጠራውም እንደዚያ አይደለም። እኔና እሱ የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ሁለት መቶ ዓመት ብንኖር ያው ነን። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አንገቱ ሥር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብርሃን አየሁ። ከፈትኩትና መልሼ ዘጋሁት።

«እጠብቅሃለሁ» አልኩት።

መስቀል ይዤ የተናገርኩት እውነት ነበር። በዚያ ቀን የዋሸሁት ይችን ብቻ ነው።

«ልጆቼ!» ብላ እናቴ ከበሩ ተጣራች። «ኧረ ብርድ ነው፣ ሰዓቱም ደርሷል፣ ግቡ! ልጆቼ!» ከኃይለ ጊዮርጊስ ወዲህ «ልጄ» እንጂ «ልጆቼ» ብላ ስትጣራ ሰምቻት አላውቅም።

«አቤት!» አልን፣ ሁለታችንም።